ስለ ልጆቻችሁ ሆርሞን፦ ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ልጆቻችሁ በቅርቡ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ሆርሞን መማር ይጀምራሉ። ምዕራፉ መጽሐፉ ላይ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ የሚያወራው ግን በዚህ ዕድሜ በልጆቹ ገላ ላይ በየቀኑ እየሆነ ስላለው ነገር ነው። «ጠዋት አልነሣ አለኝ»፣ «ነጭናጫ ሆነብኝ»፣ «ውኃ እየጠጣ ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል»፣ «ከእኩዮቹ አጠረ» የሚሉ ስሞታዎች ከወላጆች ዘወትር ይደርሱናል። ከእነዚህ አንዳንዱ ጤናማ ሆርሞን ሥራውን በመሥራቱ የሚመጣ ስለሆነ ልጁን ልንቆጣበት አይገባም። አንዳንዱ ደግሞ ሐኪም በዚያው ቀን ሊያየው የሚገባ የበሽታ ምልክት ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳችሁን ያህል ከባዮሎጂ መምህራኑና ከትምህርት ቤቱ ነርስ ጋር ሆነን ጽፈናል።

ሆርሞን አንድ ዕጢ ሠርቶ ወደ ደም የሚለቀው፣ በደም ተጉዞ ሌላ ቦታ ያለን የአካል ክፍል የሚያዝዝ ንጥረ ነገር ነው። ይህ መንገድ መኖሩ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ወደ አንጀት የሚሄዱትን ነርቮች ቆርጠው አንጀቱ ውስጥ አሲድ ሲጨምሩ፣ ቆሽት እንደ ወትሮው ፈሳሹን አመነጨ። ነርቭ ከሌለ ትእዛዙን ያደረሰው ደም ነው ማለት ነው። ሆርሞን የሚለውን ስም ስታርሊንግ የተጠቀመበት ከ3 ዓመት በኋላ ነው።

ሆርሞን እንደ ደብዳቤ ነው፤ ደም በየቤቱ ያዞረዋል፤ የሚከፍተው ግን ስሙ የተጻፈለት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሆርሞን የሚሠራው ለእሱ የሚሆን ተቀባይ ባላቸው ሴሎች ላይ ነው። ተቀባይ የሌለው ሴል ሆርሞኑ በአጠገቡ ቢያልፍም ምንም አይሰማም። ስለዚህ በሽታ በሁለት በኩል ሊመጣ ይችላል፦ ወይ የሆርሞኑ መጠን ያንሳል ወይም ይበዛል፤ አለበለዚያ ሆርሞኑ እያለ ሴሎቹ አልታዘዝ ይላሉ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው 1ኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመጀመሪያው ነው፤ 2ኛው ዓይነት ደግሞ አለመታዘዙ ይጀምርና ውሎ አድሮ ሆርሞኑም ያንሳል።

ነርቭ እያለ ሆርሞን ለምን ያስፈልጋል? ነርቭ ፈጣን ነው፤ እጅን ከእሳት ያስነሣል፤ ትእዛዙ ግን ወዲያው ያልቃል። ቁመት መጨመር፣ በደም ያለውን ስኳር፣ ውኃና ጨው ማመጣጠን፣ ዘር ለመተካት መዘጋጀት ግን ሰዓታት፣ ወራት፣ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ሆርሞኖችም በዕድሜያቸው ይለያያሉ። ልጅ ሲደነግጥ ወይም ፈተና ፊት ሲቀርብ ልቡን የሚያስደልቀው አድሬናሊን በደም ውስጥ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ግማሹ ይጠፋል። ከታይሮይድ ዕጢ የሚወጣው ታይሮክሲን ግን ግማሹ ለመጥፋት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ይህን ማወቅ ለወላጅ ይጠቅማል፤ የታይሮይድ መድኃኒት የታዘዘለት ልጅ ለጥቂት ቀናት ቢያቋርጥ ምንም የሆነ ስለማይመስል «አያስፈልገውም ነበር» ተብሎ ይተዋል። ጉዳቱ ከሳምንታት በኋላ በድካም፣ በሆድ ድርቀት፣ በቁመት መቆም እና በትምህርት ወደ ኋላ በመቅረት ይታያል።

ታይሮይድን ካነሣን፣ ይህ በአንገት ፊት ለፊት ያለው ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 120 ማይክሮግራም፣ ከዚያ በላይ ያለ 150 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። አዮዲን ሲያንስ ሆርሞኑ ያንሳል፤ አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ መጉደሉን ዐውቆ «ጨምር» የሚለውን ትእዛዝ ደጋግሞ ይልካል፤ ታይሮይዱ ጥሬ ዕቃ ሳይኖረው ሲታገል ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። አዮዲን የተጨመረበት ጨው ይህን ይከላከላል፤ ነገር ግን አዮዲኑ በእርጥበት፣ በብርሃንና ረጅም ጊዜ በመጣድ ይቀንሳል። ጨውን ደረቅ በሆነና በሚከደን ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጥ ሊወርድ ሲል መጨመር ይሻላል።

አሁን ከሁሉ አስቸኳይ ወደሆነው እንምጣ። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሴሎች እንዲገባ ያደርጋል። ጤናማ ሰው ምንም ሳይበላ ጠዋት ሲለካ የደሙ ስኳር በአንድ ዴሲ ሊትር ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ገደማ ነው። በ1ኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የልጁ የራሱ የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ያጠፋቸዋል። ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ በሽንት ሲወጣ ውኃም ይዞ ይወጣል። ልጁ በጣም ይጠማል፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፤ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ይጀምራል። እየበላ ይከሳል፣ ይደክመዋል። እነዚህን ያየ ወላጅ «የሙቀቱ ነው» ብሎ ሳምንት አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ወስዶ በጣት ጫፍ ደም ስኳሩን ያስለካ። ምርመራው ደቂቃ አይፈጅም። ከዘገየ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምርና ደሙ አሲድ ይሆናል፦ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው አፍ፣ መደንዘዝ። በዚህ ደረጃ ያለ ልጅ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። የሆድ ሕመም መስሎ በማስታገሻ የሚያድርበት ሌሊት ነው ልጆችን የሚያሳጣን።

ኢንሱሊን የሚወጉ ተማሪዎች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማል። ምግብ ሲዘገይ ወይም ስፖርት ሲበዛ ስኳሩ ከ70 በታች ይወርዳል። ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይገረጣል፣ ይነጫነጫል፤ የተጠየቀውን በትክክል ላይመልስ ይችላል። መምህራኖቻችን የሚያደርጉት ይህ ነው፤ ቤትም እንዲሁ ይደረግ። 15 ግራም የሚሆን ቶሎ የሚሠራ ስኳር፣ ለምሳሌ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፤ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ መድገም። ከዚያ በኋላ ምግብ ይበላል፤ ብቻውን ወደ ነርስ ክፍልም ሆነ ወደ ቤት አይላክም። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

ጉርምስና የሚጀምረው ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ለዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ በየአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትንሽ ትንሽ ሆርሞን መርጨት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ላይ ሌሊት በእንቅልፍ ብቻ ነው። ፒቱታሪ ይህን ተቀብሎ የሴቷን እንቁላል ማምረቻ ወይም የወንዱን የዘር ፍሬ ያዝዛል። በሴቶች ከ8 እስከ 13 ዓመት፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ መጀመሩ ጤናማ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዷ ልጅ እንደ ሴት ወይዘሮ፣ ሌላዋ እንደ ሕፃን ሆነው መታየታቸው ከዚህ ሰፊ ልዩነት የመጣ ስለሆነ እባካችሁ አታወዳድሩ። ሴት ልጅ ከ8፣ ወንድ ልጅ ከ9 ዓመት በፊት ከጀመሩ፣ ወይም ሴቷ እስከ 13 ጡቷ ካላጎጠጎጠ፣ ወንዱ እስከ 14 ምንም ለውጥ ካላሳየ፣ እንዲሁም የወር አበባ እስከ 15 ካልመጣ ሐኪም ይያቸው።

በሴቶች መጀመሪያ የሚታየው የጡት ማጎጥጎጥ ነው። አንዱ ከሌላው ወራት ቀድሞ ሊያድግ፣ ሲነካም ሊያም ይችላል፤ ዕባጭ ነው ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። የወር አበባ ከዚያ ከ2 እስከ 2 ዓመት ተኩል ቆይቶ ይመጣል፤ እናንተም ከዚያ በፊት ነግራችኋት ብትቆዩ ደም ስታይ አትደነግጥም። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በ21 ቀንም በ45 ቀንም ቢመጣ የተለመደ ነው፤ እንቁላል በየወሩ መለቀቅ ገና ስላልተስተካከለ ነው። ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ ወይም የንጽህና መጠበቂያው በየአንድ ሰዓቱ የሚርስ ከሆነ ግን የደም ማነስ ያስከትላልና ትታከም። መጠበቂያው ደሙ ቢያንስም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀየር። በትምህርት ቤት ለመቀየር ፈቃድ ጠይቃ ስትወጣ ማንም መምህር ምክንያቷን አይጠይቃትም።

ወንዶች ላይ የመጀመሪያው ለውጥ የዘር ፍሬ መተለቅ ስለሆነ ቤተሰብ አያየውም። ድምፅ መጎርነንና በእንቅልፍ ላይ ዘር መፍሰስ ኋላ ይመጣሉ። ብዙ አባቶች የማይነግሯቸው አንድ ነገር አለ፦ ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ በዚህ ዕድሜ ጡታቸው ሥር ትንሽ ጠጣር ነገር ያበቅላሉ። ወንዶችም የሴት ሆርሞን የሚባለው ኤስትሮጅን፣ ሴቶችም የወንድ ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስቴሮን ስላላቸው፣ ሚዛኑ ገና ሳይረጋ የሚሆን ነው። በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ይጠፋል። ሸሚዙን ማውለቅ የፈራ፣ ስፖርት የጠላ ልጅ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላልና በእርጋታ ጠይቁት።

ቁመትን በተመለከተ፣ ከጉርምስና በፊት ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ በጉርምስናው ጫፍ ሴቷ 8፣ ወንዱ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። አንድ ጊዜ ብቻ መለካት ብዙም አይናገርም፤ ዋናው የዓመቱ ጭማሪ ነው። በየ6 ወሩ፣ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ጫማ አውልቆ፣ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳ አስነክቶ፣ ጠጣር መጽሐፍ ራስ ላይ አግድሞ በማሳረፍ ለኩና ቀኑን ጻፉ። ጉርምስና ያልጀመረ ልጅ በዓመት ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ካደገ መዝገቡን ይዛችሁ ሐኪም አማክሩ። «ቁመት የሚጨምር» ተብሎ የሚሸጥ ክኒን አትግዙ። የዕድገት ሆርሞን ፕሮቲን ስለሆነ ሲዋጥ ሆድ ይፈጨዋል፤ የሚሠራው በመርፌ ብቻ ነው፤ ኢንሱሊንም የማይዋጠው ለዚሁ ነው። ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወሰዱ፣ የወንድ ሆርሞንን የሚመስሉ ስቴሮይዶች ደግሞ በልጅ ላይ የአጥንቱን ማደጊያ ያለ ጊዜው ይዘጋሉ፣ የራሱን የዘር ፍሬም ሥራ ያስፈቱታል። ፊት ለማቅላት የሚቀቡ ሌላ ዓይነት ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶችም ቆዳን ያሳሳሉ፤ ብጉርም ያባብሳሉ። በሌላ በኩል ሐኪም ለአስም ወይም ለኩላሊት ያዘዘውን የስቴሮይድ ክኒን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ክኒኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት የልጁ አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን የራሳቸውን ስቴሮይድ ሆርሞን መሥራት ያቆማሉ፤ እስኪነቁ ጊዜ ስለሚፈልጉ መጠኑ ቀስ በቀስ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ጠዋት አለመነሣትንም እንደ ስንፍና አትቁጠሩት። በጉርምስና ጊዜ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን ከበፊቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ዘግይቶ ይወጣል፤ የስልክ ብርሃን ደግሞ ጭራሹን ያዘገየዋል። የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው በመጀመሪያዎቹ የእንቅልፍ ሰዓታት፣ ጥልቅ እንቅልፍ ሲወስድ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ስልኩ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ከክፍሉ ይውጣ፤ ጠዋት መጋረጃው ይከፈት፤ በዕረፍት ቀንም ከወትሮው ከ2 ሰዓት በላይ አይርፈድ፤ አለበለዚያ ሰኞ ጠዋት ሰዓቱ ተዛብቶ ይመጣል። የቤት ሥራ ብዛት እንቅልፉን እየወሰደበት ከሆነ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ንገሩን፤ እንቀንሳለን።

መነጫነጭና ቶሎ ማኩረፍ በዚህ ዕድሜ ይጠበቃል። ሁሉንም ግን በሆርሞን ማሳበብ ልጁን ያስጎዳዋል። ሐዘኑ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ይወደው የነበረውን ከተወ፣ ምግብ ወይም ጓደኛ ከሸሸ፣ መሞት ከጠቀሰ የጉርምስና ጠባይ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወዲያው ወደ ሐኪምና ወደ እኛ ኑ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቅጽ ተያይዟል። ልጃችሁ ኢንሱሊን፣ የታይሮይድ መድኃኒት ወይም ስቴሮይድ የሚወስድ ከሆነ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የሚወሰድበትን ሰዓትና በአስቸኳይ የምትገኙበትን ስልክ ሞልታችሁ በታሸገ ፖስታ ለነርሷ ላኩ። ቅጹን የሚያዩት ነርሷና የክፍል ኃላፊ መምህሩ ብቻ ናቸው። ኢንሱሊን የሚወጉ ልጆች ወላጆች፣ መለኪያውና ትርፍ ስኳር በቦርሳው መኖሩን በየቀኑ አረጋግጡ፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ባለበት ቀን መጠኑ ስለሚለወጥ የሐኪሙን መመሪያ ቅጂም አያይዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር