‹‹ቃለ መጠይቅ ነው›› ለተባልኩበት ማስታወቂያ፦ ማስታወቂያን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አልጠራም። እርስዎም ያውቁታል፣ መዝገብ ቤትዎም ያውቀዋል፤ ማመልከቻዬ እዚያ ገብቶ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ቀሪው እጄ ላይ አለ። በደጅ ጥናት መልስ ስላጣሁ በአደባባይ ልሞክር ብዬ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። እናቴ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለባት። የስኳር ኪኒኗን ሜትፎርሚንን ጠዋትና ማታ ሳታዛንፍ የምትወስድ፣ ቀጠሮዋን የማታሳልፍ ሴት ነበረች። ወጥ ቤቷ ውስጥ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ይናገራል። አንድ ቀን የምትወደው የኤፍኤም ፕሮግራም አዘጋጅ ‹‹የጤና እንግዳ ይዤላችሁ መጥቻለሁ›› አለ። እንግዳው ‹‹ዶክተር›› ተባለ፤ የምን ዶክተር እንደሆነ የጠየቀውም የተናገረውም የለም። ስኳርን ከሥሩ ነቅሎ ስለሚጥል የዕፅዋት ዱቄት አወራ። አድማጮች ደወሉ፤ የደወሉት ሁሉ ድነዋል። (ሬዲዮ ላይ ደውሎ ‹‹እኔ ወስጄው ምንም አልሆነልኝም›› የሚል ሰው ሰምተው ያውቃሉ?) በመጨረሻ አዘጋጁ ራሱ ‹‹የእኔም እናት እየወሰደችው ነው፣ ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ›› አለ። ስልክ ቁጥር ተነገረ፤ ተደገመ፤ ‹‹እስክሪብቶ ያዙ›› ተብሎ ተሰለሰ።

እናቴም እስክሪብቶ ያዘች። ዱቄቱን ገዝታ ኪኒኑን አቆመች፤ ‹‹ሁለቱ አብረው አይሄዱም›› ተብላለች። ማሸጊያው ላይ የምዝገባ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ድንገተኛ ክፍል ስናደርሳት ስኳሯ ከ500 በላይ ነበር። ተርፋለች፣ ተመስገን። አልጋዋ ላይ ሆና ‹‹ለመሆኑ ማንን አምነሽ ነው?›› ስላት ‹‹እሱማ አይዋሽም›› አለችኝ። ዶክተር የተባለውን ማለቷ አልነበረም፤ ስሙንም አታስታውሰው። አዘጋጁን ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ አቀረብኩ። ባለሙያዎ በቃል የሰጡኝ መልስ እንዲህ የሚል ነው፦ ‹‹እርስዎ የሚሉት ቃለ መጠይቅ ነው፤ ማስታወቂያ ስላልሆነ እኛን አይመለከትም። መድኃኒት ከሆነ ወደ ጤና ሰዎች ይሂዱ።›› ሄድኩ። የጤና ሰዎች ደግሞ ‹‹ሬዲዮ ላይ የተላለፈ ነገር የእኛ አይደለም›› ብለው ወደ እናንተ መለሱኝ። እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ እንኳ እኔ ገና ከቢሮ ቢሮ ነበርኩ።

ክቡር ሆይ፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ን ለእርስዎ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ማስታወቂያ አሳሳች መሆን እንደሌለበት፣ ከሌላ ዝግጅት በግልጽ ተለይቶ መቅረብ እንዳለበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እንግዲህ ባለሙያዎ ያሉትን በዚህ ሕግ ፊት ያስቀምጡት። ጣቢያው ማስታወቂያውን ከፕሮግራሙ ሳይለይ አስተላለፈ፤ ይህ ጥፋት ነው። እናንተ ደግሞ ‹‹ከፕሮግራሙ ስላልተለየ ማስታወቂያ አይደለም›› አላችሁ። ጥፋቱ ራሱ ነጻ መውጫ ሆነ ማለት ነው። በዚህ አያያዝ ሕጉን የሚያከብር ነጋዴ ብቻ ነው ሕግ ያለበት፦ ጂንግል (የማስታወቂያ ዜማ) አሠርቶ፣ ከፍሎ፣ ‹‹ይህ ማስታወቂያ ነው›› ብሎ የሚቀርበው።

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። እንጀራዬ ማስታወቂያ መጻፍ ነው፣ በሙያዬም አላፍርም። ስለዚህ ሰው እንዴት እንደሚሸነፍ በመጠኑ አውቃለሁ። ጂንግል ሲሰማ አድማጭ ‹‹ሊሸጡልኝ ነው›› ብሎ ጆሮውን በግማሽ ይዘጋል። እናቴ እንኳ የሳሙና ማስታወቂያ ሲመጣ ‹‹ደግሞ ጀመሩ›› ትላለች። ይህን ጥርጣሬ ማለፊያው መንገድ አንድ ነው፤ ዕቃውን አድማጩ በሚያምነው ሰው አፍ ውስጥ መክተት። እኔ ከምጽፈው ስፖት (አጭር ማስታወቂያ) ይልቅ የአዘጋጁ ‹‹እኔም ሞክሬዋለሁ›› የሚፈለገው ለዚህ ነው። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1956 ነገሩን ጽፈውታል፤ ሰው በየቀኑ የሚሰማውንና የሚያየውን አቅራቢ እንደ ወዳጁ ይቆጥረዋል፣ ወዳጅነቱ ግን የአንድ ወገን ነው፣ አቅራቢው አድማጩን አያውቀውም። እናቴ አዘጋጁ ጉንፋን ሲይዘው ከድምፁ ታውቃለች። ‹‹ዛሬ ምን ነካው?›› ብላ ትጨነቃለች። እሱ እሷ መኖሯንም አያውቅ።

መደጋገሙ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ የሥነ ልቦና ጥናት እንዳሳየው ሰው ደጋግሞ የሰማውን ነገር፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሰማው ይልቅ እውነት ይመስለዋል። ‹‹ከሥሩ ይነቅላል›› በየሳምንቱ ሲባል ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ልማድ ይሆናል።

አዘጋጁንም ብቻውን ልኮንነው አልፈልግም። ብዙዎቹ ተባባሪ አዘጋጆች የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛሉ፣ ስፖንሰር የሚያመጡትም ራሳቸው ናቸው። ስፖንሰር ካልመጣ የሰዓቱ ኪራይ ከኪስ ነው። ሻጩም ጠያቂውም አንድ ሰው ሲሆን ‹‹ዶክተር፣ ይህ ነገር በምን ተረጋገጠ?›› የሚለውን ጥያቄ ማን ይጠይቅ? ይህን አሠራር የማያውቅ የዘርፉ ሰው የለም፤ እናንተም ጭምር።

‹‹አቅም የለንም›› እንዳይሉኝ ደግሞ ቢራ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲወጣ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጠፋ። ጣቢያዎች ገቢያችን ደረቀ ብለው ጮኹ፣ ግን ጠፋ። ስለዚህ መንግሥት ሲፈልግ ይችላል፤ ማስታወቂያ ሰውን እንደሚለውጥም ያምናል፣ ካላመነማ ባልከለከለ። ምስኪኑ ቢራ ቢያንስ ቢራ መሆኑን አልደበቀም ነበር። ራሱን ‹‹ዶክተር›› ብሎ አስጠርቶም አያውቅም።

ምን ይደረግ ይሉኝ እንደሆነ ብዙ አልጠይቅም። የተከፈለበት ንግግር ሁሉ ከመጀመሩ በፊትና ሲያልቅ ‹‹የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው›› ይባል፤ በአዘጋጁ በራሱ ድምፅ። በሽታ አድናለሁ የሚል ሰው ማይክ ፊት ከመቀመጡ በፊት የምርቱን ምዝገባ ያሳይ። አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፣ ያለውን ማንበብ ነው።

‹‹የድምፅ ማስረጃ አምጣ›› መባሌንም አልረሳሁም። ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት ሬዲዮ እየቀዳች መስማት ነበረባት? ቅጂውን ከጣቢያው የመጠየቅ ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤትዎ እንጂ እኔ አይደለሁም። አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

አሁን የምጠይቅዎ በጽሑፍ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ነው፦ ያ ፕሮግራም ማስታወቂያ ነው ወይስ አይደለም? አይደለም ካሉ ፈርመው ይስጡኝ፤ በቀጣዩ ቀን ደንበኞቼን ሁሉ ስፖት ትተው ‹‹እንግዳ›› እንዲሆኑ እመክራቸዋለሁ፣ ርካሽም ነው። ነው ካሉ ደግሞ ፕሮግራሙ ዛሬም እየተላለፈ ነው፤ ዱቄቱም አሁን ከስኳር አልፎ ለደም ግፊት ሆኗል። ቀኑና ሰዓቱ ማመልከቻዬ ላይ ተጽፏል፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ካልጠፋ።