«አውቃለሁ» ማለቱን ትቻለሁ፣ ግን አልወጣሁም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ሰሞን በደብዳቤ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ሞርሞኖች የጻፉትን ሰው ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ግማሹን ራሴም ብዬዋለሁና። ጸሐፊው የቤተ ክርስቲያኗን ታሪክ ሲዘረዝሩ ቆይተው መጨረሻ ላይ፣ ይህን ሁሉ እያወቀ እዚያ የሚቀር ሰው ወይ ተታሏል ወይ ሰው ያታልላል ብለው ዘጉት። እኔ እያወቅሁ የቀረሁ ነኝ። የተታለልኩ አይመስለኝም፣ ማታለሉም አያምርብኝም። ቦታ ካላችሁ እኔም ልናገር።

ማን ነሽ ካላችሁ፣ ኢትዮጵያ ተወልጄ ዩታ የምኖር፣ የሁለት ልጆች እናት፣ እዚሁ ሶልት ሌክ ሲቲ የተጠመቅሁ ሞርሞን ነኝ። ከ2018 ወዲህ መሪዎቻችን በሙሉ ስማችን ጥሩን፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሉን ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ግን ስሙ ሳያልቅ ዓምዱ እንዳያልቅብኝ ሞርሞን ብዬ ልቀጥል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቡና አይፈቀድልንም፣ እንዴት ተውሽ ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁኝ፣ ከታሪኩ ሁሉ እሱ ነው የከበደኝ።

ታሪኩን የነገረኝ የቤተ ክርስቲያኗ ጠላት አይደለም። እሷ ራሷ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በከባድ ከባድ ጥያቄዎች ላይ ረጃጅም ጽሑፎች ታወጣ ጀመር። በመድረክ ብዙም አልተወራላቸውም፣ ፈልጎ ያገኘ አገኛቸው። እኔ ከተጠመቅሁ ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ አንዱን ከፈትኩ፣ እሱ ሌላውን አስከፈተኝ፣ ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት ያደረስኳቸው ዓይኔን ሳልከድን ነው።

መጀመሪያ ያነበብኩት ቅዱስ መጽሐፋችን መጽሐፈ ሞርሞን እንዴት እንደተተረጎመ ነበር። የቤተ ክርስቲያኗ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጣቱን መጽሐፉ ተጽፎባቸው ነበር በሚባሉት የወርቅ ሰሌዳዎች ላይ አድርጎ የሚያነብበትን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። ጽሑፉ ግን ሌላ ነገር ይላል። ብዙ ጊዜ ትንሽ ድንጋይ ባርኔጣ ውስጥ ይከትና፣ ብርሃን እንዳይገባ ፊቱን ባርኔጣው ውስጥ አድርጎ፣ የሚታየውን ቃል ለጸሐፊው ይናገር ነበር። ድንጋዩ ዛሬም አለ። በ2015 ቤተ ክርስቲያኗ ፎቶውን አወጣችው፣ እንቁላል የሚያክል ቡናማ ድንጋይ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድንጋዩ አልከነከነኝም። ሙሴ በበትር ባሕር ከፈለ ብዬ የማምን ሰው ድንጋይ ከበትር በምን ያንሳል ልል ነው? የከነከነኝ ሥዕሉ ነው። ያወቁት ነገር ሌላ ሆኖ ሳለ ለምን ያንን ሥዕል አሳዩኝ?

በ1820 አየሁት ስላለው ራእይም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። በ1832 የጻፈው ጌታን አየሁ ይላል፣ በ1838 ያስጻፈው ደግሞ ሁለት አካላት ይላል። ይሄ ለብዙ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ አይደለም። እኔም የተጠመቅሁበትን ቀን ለእናቴ የነገርኳትና ለባሌ የነገርኩት አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሁለቱም ግን እውነት ናቸው።

የጆሴፍ ስሚዝ ሚስቶች ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። ከ30 እስከ 40 ይሆናሉ ይላል የራሳችን ጽሑፍ። አንዳንዶቹ ባል ያላቸው ነበሩ። ከሁሉም ትንሿ 15 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀራት ልጅ ናት። ኤማ፣ የመጀመሪያ ሚስቱ፣ በዚህ ነገር ምን ያህል እንደተሰቃየች ማንም አይክድም። ዘመኑ እንደዚያ ነበር ይሉኛል። ሴት ልጅ አለችኝ፣ 14 ዓመቷ ነው። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበል።

ከዚያ መጽሐፈ አብርሃም መጣ። በ1835 ኦሃዮ ውስጥ፣ ከርትላንድ በምትባል ከተማ፣ ሬሳና ፓፒረስ (የጥንት ግብፆች የሚጽፉበት ወረቀት) ይዞ የሚዞር ነጋዴ መጣ። አራት የግብፅ ሬሳዎችና ጥቅልሎቹ በ2,400 ዶላር ተገዙ። ጆሴፍ ስሚዝ ጥቅልሎቹ ውስጥ የአብርሃም ጽሑፍ አለ አለና ትርጉሙ ቅዱስ መጽሐፍ ሆነ። በኋላ ፓፒረሱ በ1871ዱ የቺካጎ እሳት ተቃጠለ ሲባል ኖረ። ነገር ግን ቁርጥራጮቹ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ተገኙና በ1967 ለቤተ ክርስቲያኗ ተመለሱ። የግብፅ ጽሑፍ አዋቂዎች አነበቧቸው። ከሙት ጋር የሚቀበር ጽሑፍ ነው አሉ፣ ስለ አብርሃም አንድም ቃል የለበትም። የራሳችን ጽሑፍም በእነዚህ ቁርጥራጮች ላይ ያለው ከመጽሐፉ ጋር እንደማይገናኝ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሚመጡ ማብራሪያዎች አሉ፣ የጠፋ ክፍል ነበር፣ ወይም ፓፒረሱ ለራእዩ ማነሳሻ ብቻ ነበር የሚሉ። አንብቤያቸዋለሁ። ልቤን ሞላ ያደረገው የለም።

ይሄ ለእኔ የቤተ መጻሕፍት ክርክር አይደለም። ጥቁሮችን ከክህነት (በእኛ ዘንድ ተራ ምዕመን ወንዶችም ይቀበሉታል) ለመከልከል ዘመን ሙሉ ሲጠቀስ የኖረው አንዱ ማስረጃ እዚያው መጽሐፈ አብርሃም ውስጥ ያለ፣ የፈርዖን ዘር የክህነት መብት የለውም የሚል ቦታ ነው። እኔን የሚመለከት ነው ማለት ነው።

ክልከላው ከመጀመሪያው አልነበረም። ኤላይጃ ኤብል የተባለ ጥቁር ሰው በ1836 ክህነት ተቀብሏል። በ1852 ግን የጆሴፍ ስሚዝ ተተኪ ብሪገም ያንግ በአደባባይ ከለከለ። ክልከላው እስከ ጁን 1978 ቆየ፣ 126 ዓመት። ወንዶቹ ክህነት ተከለከሉ፣ ሴቶቹም አብረው ከቤተ መቅደሱ ዋና ዋና ሥርዓቶች ውጭ ሆኑ።

ጄን ማኒንግ ጄምስን የሚያውቅ አንባቢ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ኮነቲከት የተወለደች፣ ባርያ ያልነበረች ጥቁር ሴት ናት። በ1843 ከቤተሰቧ ጋር ሞርሞኖቹ ወደሚኖሩበት ወደ ናቩ፣ ኢሊኖይ ስትጓዝ ቡፋሎ ላይ መርከብ አናሳፍራችሁም ተባሉ። በእግራቸው ሄዱ። ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር ነው። ጫማቸው አለቀ፣ እግራቸው ተሰነጣጥቆ ደማ፣ ቆመው ጸለዩ፣ ቀጠሉ። ጄን እዚያ ደርሳ በጆሴፍ ስሚዝ ቤት ሠራች፣ በ1847 ደግሞ እዚህ ሶልት ሌክ ሸለቆ ቀድመው ከገቡት ጋር ገባች። ከዚያ ዓመታት ሙሉ ለቤተ ክርስቲያኗ መሪዎች ስታመለክት ኖረች፣ እንደ ማንኛዋም ሴት በቤተ መቅደስ ሥርዓቴ ይፈጸምልኝ እያለች። እምቢ አሏት። በ1894 የፈቀዱላት ነገር ቢኖር ለጆሴፍ ስሚዝ የዘለዓለም አገልጋይ ሆና እንድትታተም፣ ማለትም በቤተ መቅደስ ሥርዓት እንድትተሳሰር ነው። እሱም እሷ በሌለችበት፣ ሌላ ሴት ተወክላላት። በ1908 እስክትሞት ድረስ ከቤተ ክርስቲያኗ አልወጣችም።

ይህን ያነበብኩ ቀን አለቀስኩ። ለማንም አልነገርኩም። ጄን እንኳ ቀርታለች፣ አንቺም ቻይው የሚሉኝ ሰዎች ደግሞ አሉ፣ እነሱን አልወዳቸውም። የእሷ ትዕግሥት የበደሉ ማሳመሪያ አይደለም።

አንድ ሰንበት ይህንኑ በክፍል አነሳሁ። አስተማሪው ፈገግ አሉና መጀመሪያ ጥርጣሬሽን ተጠራጠሪው የሚለውን ምክር ነገሩኝ። በኦክቶበር 2013 ጉባኤ ላይ ኡክዶርፍ የተባሉት መሪ የተናገሩት ነው፣ በየአጥቢያው በር መዝጊያ ሆኗል። ቤቴ ገብቼ ንግግሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እዚያው ንግግር ውስጥ እኮ መሪዎች የተሳሳቱበት ጊዜ እንደነበር በግልጽ ይናገራሉ! ያንን ግማሽ ማንም አይጠቅሰውም።

እንግዲህ ለምን አልወጣሽም? ወደዚያው እየመጣሁ ነው።

በእኛ ዘንድ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ እንጾማለን፣ የቆጠብነውን የምግብ ዋጋ ለተቸገረ እንሰጣለን፣ ከዚያ የፈለገ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ምስክርነት ይሰጣል። ሁሉም አውቃለሁ ነው የሚለው። ቤተ ክርስቲያኗ እውነተኛ እንደሆነች አውቃለሁ፣ ጆሴፍ ስሚዝ ነቢይ እንደነበር አውቃለሁ። የአምስት ዓመት ሕፃን ሳይቀር እናቱ በጆሮው እያቀበለችው አውቃለሁ ይላል። እኔም ስል ኖሬያለሁ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን ቃሉ አፌ ውስጥ ደረቀ። ለወራት መድረኩ ላይ አልወጣሁም። በኋላ ወጣሁና «አምናለሁ» አልኩ። እንግሊዝኛ ነበር የምናገረው፣ ያሰብኩት ግን በአማርኛ ነው፣ እና እዚያው ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ዘንድ ያመነ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። እግዚአብሔርን ያመነ አለ፣ ጥፋቱን ያመነ አለ። ቃሉ አንድ ነው። አውቃለሁ የሚል ሰው ጥፋት ማመን ይቸግረዋል። አምናለሁ የሚል ግን ሁለቱንም ይችላል።

እኔ ቤተ ክርስቲያኔ በሁለተኛውም መንገድ እንድታምን ነው የምፈልገው። ጀምራለች። ስለ ዘርና ክህነት የወጣው የ2013ቱ ጽሑፍ ጥቁረት የእርግማን ምልክት ነው የሚለውንና መሰል አስተምህሮዎችን አውግዟል። ይቅርታ የሚል ቃል ግን የለበትም፣ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ወጥቼ ከውጭ ሆኜ ይቅርታ በሉ ብል ማን ይሰማኛል? ውስጥ ሆኜ ስለው ቢያንስ ወንበሬ ጎን የተቀመጠችው አሮጊት ትሰማኛለች፣ ሰምታኝም ታውቃለች።

ደግሞ መጽሐፉ ራሱ ያግዘኛል። በ1830 የታተመው መጽሐፈ ሞርሞን ጥቁርና ነጭ፣ ባርያና ጨዋ፣ ወንድና ሴት በእግዚአብሔር ፊት እኩል ናቸው ይላል። ያ ቃል በ126ቱ ዓመት ክልከላ ውስጥ ሁሉ እዚያው መጽሐፍ ላይ ነበር። ሰዎቹ እያነበቡት ነበር የሚከለክሉት። ከየትም ይምጣ፣ ከሰሌዳ ይሁን ከባርኔጣ፣ በያዙት ሰዎች ላይ የሚፈርድ መጽሐፍ በቀላሉ አልጥለውም። የርዕስ ገጹም ስህተት ካለ የሰው ስህተት ነው ይላል፣ ይሄንንም በቁም ነገር ነው የምወስደው።

የቀረውን ባጭሩ ልበል፣ ስለ ራሴ ብዙ ማውራት አልወድም። ባሌ የታመመ ጊዜ ለአራት ወር ምግብ ያመላለሱልን፣ በረዶ የጠረጉልን፣ ልጆቼን ያደረሱልኝ የአጥቢያችን ሰዎች ናቸው። ኤጲስ ቆጶሳችን፣ የአጥቢያችን መሪ ማለት ነው፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ለዚህ አገልግሎት አምስት ሳንቲም አይከፈለውም፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ደውዬለት መጥቷል። ቤተ መቅደስ የምገባበትን ፈቃድ ለመስጠት ስለ እምነቴ ሲጠይቀኝ አላውቅም፣ አምናለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ተስፋ ብቻ አደርጋለሁ አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና ፈረመልኝ። ይሄ ስለ ፓፒረሱ ምንም አያረጋግጥም፣ አውቃለሁ። (ይኸው፣ አውቃለሁ አልኩ።)

ጸሐፊው ከእኔ ጋር በአንድ ነገር እንዲስማሙ እፈልጋለሁ። የወጡ ወዳጆች አሉኝ፣ አንዷ አብራኝ የተጠመቀች ናት። ኃጢአት ስላማራት ነው የወጣችው ሲሏት ስሰማ እናደዳለሁ። ያነበበችው እኔ ያነበብኩትን ነው። እሷ የሚስቶቹን ነገር ልትሸከመው አልቻለችም፣ እኔ እስከ ዛሬ እየተሸከምኩት ነው፣ እስከ መቼ እንደምችል እግዚአብሔር ይወቅ። እሷ ፈሪ አይደለችም፣ እኔም ሞኝ አይደለሁም።

ዘንድሮ የተሰጠኝ ጥሪ የወጣቶች ሰንበት ትምህርት ነው። የብሉይ ኪዳን ዓመት ስለሆነ መጽሐፈ አብርሃም ይመጣል። የፓፒረሱን ፎቶ፣ የቤተ ክርስቲያኗን ጽሑፍና የጄንን ፎቶ አትሜ አስቀምጫለሁ፣ ሦስቱንም ይዤ ነው የምገባው። ልጄ ከተማሪዎቹ አንዷ ናት። «እማዬ፣ እዚያ እንዳታለቅሺ፣ ታሳፍሪኛለሽ» ብላኛለች። ቃል አልገባሁላትም።

አንባቢያችሁ
ከሶልት ሌክ ሲቲ፣ ዩታ