ዓይን የሌላትን ፍለጋ፦ የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዓመቱን ሙሉ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው። «ያ ዕውር አሣችሁ ተገኘ?» አሣ አይደለም። በቃል ስናገር ስላልሰማችሁኝ አሁን በጽሑፍ ይቀመጥ፦ የፈለግነው ከመሬት ሥር ባለ ውሃ የሚኖር ዓይን የለሽ ትንሽ ፍጥረት ነው፤ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ። ተገኘ ወይ ለሚለው ትንሽ ታገሡኝ፤ እደርስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሶፍ ዑመር ነው። ጥቅምት ላይ ስንሰበሰብ ልጆቹ የዓመቱ ጉዞ ባሌ ይሁን አሉ። የወይብ ወንዝ የፈለፈለው ዋሻ መተላለፊያው ሁሉ ቢደመር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማን አይመኝም? ደብዳቤ ጻፍን። የአውቶቡስ ዋጋ ጠየቅን። ዋጋውን ስንሰማ ዝም አልን። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም። የእግር ኳስ ቡድናችን ግን ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ማልያ መቀየሩን ሁላችሁም አይታችኋል። አልቀናሁም። እሺ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ።

ዋሻ መሄድ ካልተቻለ ስለ ዋሻ እናንብብ ተባለ። ከመሬት ሥር በሚፈስ ውሃ ብርሃን የለም፤ ብርሃን ከሌለ ቅጠል አይበቅልም። የሚበላው ከላይ በጎርፍ የገባ ብስባሽና የሌሊት ወፍ ኩስ ነው። እዚያ የሚኖሩት ፍጥረታት ትውልድ በትውልድ ዓይናቸው እየከሰመ ጠፍቷል። ቀለማቸውም ሄዷል፤ ነጭ ወይም ብርጭቆ መሳይ ናቸው። በምትኩ አንቴናቸው ረዝሟል፤ እየዳበሱና እያሸተቱ ይኖራሉ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ መብራት ሲጠፋ እኛም ቤት እንደዚሁ ነው» አለ። ሳቅን። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ዓይን ጉልበት ይበላል። ምግብ በማይገኝበት ቤት ሥራ የፈታ አይቀለብም።

ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው አሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ሀንትስቪል ከተማ ያለው የሼልታ ዋሻ ታሪክ ነው። እዚያ ዓይን የለሽ ክሬይፊሾች (መቆንጠጫ ያላቸው የሸርጣን ዘመዶች) ይኖራሉ። ሰው እየገባ እንዳያስቸግር ተብሎ ዋሻው በር ተበጀለት። በሩ ለሌሊት ወፎቹ አልተመቸም፤ ጥለው ሄዱ። እነሱ ሲሄዱ ኩሳቸው ቀረ፤ ማለትም የውሃው ቀለብ ቀረ። በዚያ ላይ የከተማው ፀረ ተባይ መድኃኒት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሰረገ። በዓለም ላይ በዚያ ዋሻ ብቻ የሚታወቀው አንደኛው ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ጠፋ ተባለ። በ2019 እና በ2020 እንደገና ታየ። 30 ዓመት ሙሉ እዚያው ከከተማው ሥር ነበር! ይህን ያነበብን ዕለት ደወል ተደውሎም ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። ደወል ተደውሎ የማይነሣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ባልደረቦቼ ታውቃላችሁ።

እዚያው ዋሻ ያለ ሌላ ክሬይፊሽ ነው ጉድ የሠራን። «175 ዓመት ይኖራል» የሚል አንብበን በሚኒ ሚዲያ አስነገርን። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተደነቀ። በሳምንቱ አንዲት አባላችን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አገኘች። ተመራማሪዎቹ ግምቱን እንደገና ሠርተው ዕድሜውን ወደ 22 ዓመት ገደማ አውርደውታል። ምን ይደረግ? በሰልፍ ሰዓት ማይክራፎን ይዘን አረምን። የተቆረጠው ከ150 ዓመት በላይ ነው፤ ቀላል አልነበረም።

ኅዳርና ታኅሣሥ በስብሰባ አለቁ። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ደንብ ወጣ፣ ችግኝ ውሃ ጠጣ። ጥር በፈተና ምክንያት ምንም አልሠራንም። በ34 አባላት ጀምረን በ13 ጨርሰናል፤ ይህን አልደብቅም። አንዳንዶቹ የመጡት አውቶቡሱን ብለው ነበር።

ከዚያ የዋሽንግተኗን አገኘን። ሮክ ክሪክ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ከተማው መሃል ባሉ ምንጮች፣ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማትሞላ አምፊፖድ፣ ማለትም ሽሪምፕ መሳይ ትንሽ የሸርጣን ዘመድ፣ አለች። ጎኗ የተጨፈለቀ፣ ጀርባዋ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ዓይን የሌላት። አንደኛው ምንጭ ያለው በብሔራዊው የእንስሳት ፓርክ ግቢ ውስጥ ነው። ሰው ዝሆን ለማየት በላይዋ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተብላ ጥበቃ ተደረገላት።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዋና ከተማ? ምንጭ? ይቺ አዲስ አበባም እኮ በውሃ ሰበብ ነው የተቆረቆረችው፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ወደው። ፍል ውሃው ለኛ አይሆንም፤ ይፋጃል። እንጦጦ ግን ቀዝቃዛ ምንጭ አለው።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ አቀበቱን በእግር ወጣን። የታክሲው ግማሽ ከኪሴ ነው። መሣሪያችን አንድ አጉሊ መነጽር፣ ስድስት ባዶ ሃይላንድና የባለቤቴ አሮጌ ነጠላ ነበር። ጋምቤላ ሳስተምር ሰው ከመጠጥ ውሃ የሚመጣውን የጊኒ ዎርም የሚባል ጥገኛ ትል ለመከላከል ውሃውን በጨርቅ ሲያጠልል አይቻለሁ። ዘዴውን ከዚያ ነው ያመጣሁት።

ጸበል የሆነውን ምንጭ አልነካንም። ለልብስ ማጠቢያ የሚያገለግል ትንሽ ገንዳ ያለው ምንጭ አገኘን። ነጠላውን አጥፈን አጠለልን። ልብስ የሚያጥቡ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉ። «እማማ፣ ዓይን የሌላት ትንሽ ነገር እየፈለግን ነው» አልናቸው። እማማ ሣቁን አላቆሙትም። «ዓይን ከሌላትማ ምን ታስቸግሯታላችሁ፤ ተዋት!»

ሦስተኛው ማጥለል ላይ ነጠላው ላይ ነጭ ነጥብ ተነቃነቀች። ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች። በአጉሊ መነጽሩ ሳያት ነጭ ናት፤ አንቴና አላት። ዓይን አላየሁም። እውነቱን ልናገር፣ ዓይን ማየትም አልፈለግሁም። መንገድ ላይ የዚህን ጽሑፍ ርዕስ ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ላብራቶሪ ገባን። የማይክሮስኮፑ አምፖል ከተቃጠለ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። በመስታወት የመስኮቱን ፀሐይ ወደ ሥሩ መልሰን ነው የምናየው፤ ደመና ሲመጣ እንጠብቃለን። ሁሉም ተራ በተራ አየ። የመጨረሻዋ ሜሮን ነበረች፣ ከ9ኛ ሐ። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ ቆየች። ሌሎቹ ጫጫታ ጀምረዋል፤ የሚኒ ሚዲያው ልጅ ማስታወቂያውን እየጻፈ ነው።

«ቲቸር፣ ዓይን አላት» አለች።

«ቆሻሻ ይሆናል» አልኩ። ሳላይ!

መልስ አልሰጠችኝም። ተመልሳ ጎነበሰች። ደመና መጣ፤ ጠበቀች። ፀሐይ ስትወጣ እንደገና አየች። «ቀይ ናት፣ አንድ ናት። ስትዋኝ አብራት ትሄዳለች። ቆሻሻ ቢሆን ይቀር ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ሄጄ አየሁ። ግንባሯ መሃል አንዲት ቀይ ነጥብ። ጅራቷ ግራና ቀኝ ሁለት የእንቁላል ከረጢት ተሸክማለች። ሳይክሎፕስ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከግሪኮች ተረት አንድ ዓይናው ግዙፍ ነው። የምንፈልጋት አይደለችም፤ የምንፈልጋት ዘመድ ግን ናት። እሷም ከነሸርጣን ወገን ነች። የጊኒ ዎርምን እጭ ተሸክማ ሰው ከውሃ ጋር የሚውጣትም እሷን ነው። ጋምቤላ ላይ ውሃው በጨርቅ የሚጠለለው እሷን ለመያዝ ነው። ዘዴውን ተምሬ የሚያዘውን መርሳቴ! (በዚያ ምንጭ በሽታው አለ ማለት አይደለም፤ እጩ ውሃው ውስጥ ከሌለ እሷ ብቻዋን ምንም አታደርግም።)

የሚኒ ሚዲያው ልጅ ወረቀቱን ቀደደ። ሜሮን «ይቅርታ ቲቸር» አለችኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እዚያው፣ በልጆቹ ፊት ጠየቅኋት። 19 ዓመት አስተምሬያለሁ። እኔ የፈለግሁትን መልስ ትታ ያየችውን የነገረችኝ ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

ሥዕሏን ሠርታ ለወላጆች ቀን ሰቀልነው። ዓይኗን በቀይ እስክሪብቶ ነው ያደረገችው። አሁንም ላብራቶሪው በር ላይ አለ፤ ግቡና እዩት።

ለመጪው ዓመት ሶፍ ዑመርን አልጠይቅም። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ይህን ካነበበ የምንፈልገው አንድ የማይክሮስኮፕ አምፖልና ሁለት አጉሊ መነጽር ነው። ከአንድ ማልያ ብዙ አይበልጥም። አርብ ከሰዓት ላብራቶሪው ክፍት ነው። አሮጌ ነጠላ ያላችሁም አምጡ፤ የባለቤቴ አልቋል።