ከቀዩ ላቫ ይልቅ አመዱና ጭቃው ይዘገብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

እሳተ ገሞራ በፈነዳ ቁጥር ጋዜጦችም ሆኑ የዜና ድረ ገጾች የሚያስቀድሙት ፎቶግራፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በሌሊት ወደ ሰማይ የሚረጭ ወይም በቁልቁለቱ የሚፈስ ቀይ ላቫ። ምስሉ ዓይን ይስባልና መመረጡ አይገርመኝም። ቅሬታዬ አንባቢው አደጋው ላቫው የደረሰበት ቦታ ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ የራቀ ሰው ደግሞ ቆሞ ሊመለከተው እንደሚችል አድርጎ እንዲያስብ መተዉ ነው። እሳተ ገሞራ የቀጠፋቸው ሰዎች ታሪክ ሲመረመር ላቫ ከገዳዮቹ መካከል የሚቀመጠው ወደ መጨረሻው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመሬት በታች ያለው ቅልጥ ዐለት፣ ማለትም ማግማ፣ በዙሪያው ካለው ጠጣር ዐለት ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። በውስጡ የውኃ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የሰልፈር ጋዞች ሟሙተው ይገኛሉ። ወደ ገጸ ምድር በቀረበ መጠን የተጫነው ግፊት ስለሚቀንስ ሟሙተው የነበሩት ጋዞች አረፋ እየሆኑ ይለያሉ፤ የፍንዳታውም ዓይነት በአብዛኛው የሚወሰነው እነዚህ አረፋዎች ማምለጫ በማግኘታቸው ወይም በማጣታቸው ነው። የሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) መጠኑ አነስተኛ የሆነው የኤርታ አሌ ወይም የሃዋይ ተራሮች ማግማ ቀጭን ስለሆነ ጋዙን ሳያምቅ ይለቃል፣ ላቫውም ይፈስሳል። ሲሊካ የበዛበት ግን ዝልግልግና ወፍራም በመሆኑ ጋዙን አፍኖ ይይዝና ግፊቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ራሱን ፈጭቶና በትኖ ይወጣል። እንግዲህ ለካሜራ የሚያምረው እሳተ ገሞራ ብዙውን ጊዜ ገራገሩ ነው ማለት ነው። ይህም ቢሆን ያለ ልዩነት አይደለም፤ በኮንጎ የሚገኘው የኒራጎንጎ ተራራ ላቫ እጅግ ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ በጃንዋሪ 2002 ጎማ የተባለችው ከተማ መሃል ድረስ ዘልቆ ገብቷል።

በኃይለኛ ፍንዳታ ጊዜ የሚከሰተው የጋለ ጋዝ፣ አመድና የድንጋይ ስብርባሪ የተቀላቀለበት ናዳ ሙቀቱ በመቶዎች ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቆጠር ሲሆን፣ ፍጥነቱም ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው ማርቲኒክ ደሴት ላይ ሜይ 8 ቀን 1902 ከፔሌ ተራራ የወረደው እንዲህ ያለ ናዳ የሴን ፒየርን ከተማ በደቂቃዎች ውስጥ አጥፍቶ ወደ 28,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። ከዚህ ዓይነቱ ነገር በሩጫም ሆነ በመኪና ማምለጥ አይታሰብም፤ መፍትሔው ቀድሞ ከቦታው መልቀቅ ብቻ ነው።

በዜና ዘገባ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ግን የጭቃ ጎርፍ ይመስለኛል። ኮሎምቢያ ውስጥ የሚገኘው ኔቫዶ ዴል ሩዊዝ የተባለው ባለ በረዶ ተራራ ኖቬምበር 13 ቀን 1985 ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲፈነዳ፣ ፍንዳታው በመጠኑ ትንሽ የሚባል ነበር፤ ያቀለጠውም ከበረዶው ጥቂቱን ብቻ ነው። የቀለጠው ውኃ ግን በወንዞቹ ሸለቆ አመድና ድንጋይ እየጠረገ፣ እንደ እርጥብ ሲሚንቶ እየወፈረና እየከበደ ወርዶ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ በወንዙ መንገድ ከተራራው ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚርቀውን አርሜሮ የተባለ ከተማ ቀበረው። በጠቅላላው ወደ 23,000 ሰዎች አልቀዋል። ተራራው ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ምልክት ሲያሳይ ቆይቷል፤ ባለሙያዎች ከአደጋው አንድ ወር ገደማ አስቀድመው ያወጡት ካርታም አርሜሮን በጎርፉ መንገድ ላይ አስቀምጧት ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አመድ ከተማዋ ላይ ሲዘንብ ለነዋሪዎቹ የተነገራቸው ግን ተረጋግተው ቤታቸው እንዲቆዩ ነው። ከተራራው የራቀ ሁሉ ከአደጋው የራቀ አይደለም፤ ስለዚህ በእሳተ ገሞራ አካባቢ የሚኖር ሰው ማወቅ ያለበት ከተራራው ያለውን ርቀት ብቻ ሳይሆን ከተራራው የሚነሳው ወንዝ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጭምር ነው። ከላይ በኩል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ከተሰማ ንብረት ለመሰብሰብም ሆነ ድልድይ ለመሻገር ሳይሞክሩ ወዲያውኑ ከሸለቆው ወጥቶ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ይገባል። ጎርፉ ደግሞ ፍንዳታው ካበቃ ከወራትና ከዓመታት በኋላም ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሊመለስ ይችላል።

ስለ አመዱም የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ከእንጨት ቃጠሎ እንደሚቀረው ልስልስ ብናኝ ሳይሆን መጠኑ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ የድንጋይና የመስታወት ስብርባሪ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጠርዙ የተሰባበረ ጠርሙስ ይመስላል፤ በውኃ አይሟሟም፤ የመኪና መስታወት ላይ አርፎ መጥረጊያው ሲነሳበት መስታወቱን ይቧጭረዋል። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አመድ ሲርስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይጭናል። ጁን 15 ቀን 1991 የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ በፈነዳበት ዕለት አካባቢውን አውሎ ነፋስ ከዝናብ ጋር ስለመታው በፍንዳታው ወቅት ከሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው በእርጥብ አመድ ክብደት የተደረመሰ ጣሪያ ነው።

ስለዚህ ከናዳውና ከጭቃ ጎርፉ መንገድ ውጭ ለሆነ ሰው አመድ በሚዘንብበት ጊዜ ቤት ውስጥ መቆየት፣ በርና መስኮት መዝጋት፣ ክፍተቱን በእርጥብ ጨርቅ መድፈን፣ የውኃ ማጠራቀሚያን መክደንና ከጣሪያ የሚወርደውን አሸንዳ ከማጠራቀሚያው መነጠል ያስፈልጋል። መውጣት ግድ ከሆነ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥምና ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ጭምብል ይደረግ፤ ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ ወልቆ ዙሪያው የተዘጋ መነጽር ይተካ። መኪና ባይነዳ ይመረጣል። አመዱ ከመጠረጉ በፊት እንዳይቦን ጥቂት ውኃ ይርከፈከፍበት እንጂ በብዙ ውኃ ታጥቦ ወደ ፍሳሽ መውረጃ አይለቀቅ፤ መውረጃውን ይደፍነዋል። የጣሪያው ግን ወፍሮ ሳይከብድ መነሳት አለበት፤ አመድ ያለበት ጣሪያ ስለሚያንሸራትት ከፍንዳታው ተርፈው ከጣሪያ ወድቀው የሚሞቱ ሰዎች አሉና ሥራው ብቻን የሚሠራ አይደለም። እንስሳትም በአመድ ከተሸፈነ ግጦሽ መራቅ አለባቸው፤ በ1783 ላኪ የተባለው የአይስላንድ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ፍሎሪን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር የነካውን ሣር የበሉ ከብቶች አልቀው ያስከተለው ረሀብ ሕዝቡን ፈጅቷል።

ጋዝን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይተኛል፤ ሽታም ሆነ ቀለም ስለሌለው የአቧራ ጭምብል ያደረገ ሰው የተጠበቀ መስሎት ሊገባበት ይችላል። ጭምብሉ ጋዝ አያግድም።

ዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው ከፎቶግራፉ ጎን ነፋሱ አመዱን ወዴት እየወሰደው እንደሆነ፣ ከተራራው የሚነሱት ወንዞች በየትኞቹ መንደሮች በኩል እንደሚያልፉ፣ ባለሙያዎች ያወጁት የማስጠንቀቂያ ደረጃም ስንት እንደሆነ እንድታትሙ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ መብዛቱ፣ የተራራው ማበጥና የሚወጣው ጋዝ መጨመሩ በመሣሪያና በሳተላይት የሚለኩ ናቸው፤ ዜናው ከፍንዳታው በፊት መጀመር ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ሰዎች ከቀያቸው እንዲወጡ ተደርጎ ተራራው ሳይፈነዳ የሚቀርበትን ጊዜ ይመለከታል። በ1976 በጓዴሎፕ ደሴት ከ70,000 በላይ ሰዎች ለወራት ከቤታቸው ርቀው ከቆዩ በኋላ የተፈራው ታላቅ ፍንዳታ ሳይመጣ ቀረ፤ ባለሙያዎቹም ብርቱ ወቀሳ ደረሰባቸው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አርሜሮ ላይ ባለሥልጣናቱ ካመነቱባቸው ምክንያቶች አንዱ ያለ ምክንያት ሕዝብ አፈናቀሉ እንዳይባሉ መፍራታቸው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም «ትንበያው ከሸፈ» የሚል ርዕስ ከመስጠታችሁ በፊት ማስጠንቀቂያው በወጣበት ቀን መሣሪያዎቹ ያሳዩት ምን እንደነበር ባለሙያዎቹን ጠይቃችሁ መልሳቸውን እዚያው ዜና ውስጥ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ