ፊዚክስን በእጅም ፈትኑልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ለኢፌዴሪ ትምህርት ሚኒስቴር
ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ላይ የተግባር ክፍል እንዲጨመር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ምርጫ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ልጠይቃችሁ ነው የምጽፈው። ተማሪው በእጁ ለክቶ፣ ሠንጠረዥ ሞልቶ፣ ግራፍ ስሎ የሚያገኘው ነጥብ ይኑር። ለጊዜው ከመቶ 10 ቢሆንም አይከፋም።

መልሳችሁን እገምታለሁ። «መጀመሪያ ላብራቶሪው ይሟላ» ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ፈተናው ካልመጣ ላብራቶሪው አይከፈትም ባይ ነኝ። ያለውም ዕቃ እኮ አይነካም። ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ መለኪያዎቹ፣ አሚተሩና ቮልቲሜትሩ፣ ከነካርቶናቸው ተቆልፎባቸው ነበር። ዕቃ ከንብረት ክፍል ሲወጣ ሞዴል 22 ላይ የሚፈርመው መምህሩ ነው። ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ይፈራል። ተማሪውም «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይላል። አይመጣም። እንግዲህ ሁላችንም ወደ ወርክሺታችን እንመለሳለን።

ፈተና ሲለወጥ ምን እንደሚከተል ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ደነገጠ። በ2017 ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደረሰ። ገና ብዙ ይቀራል። ቢሆንም እኔ በማስተምራቸው ክፍሎች በኩረጃ ተስፋ የሚያደርግ ልጅ ቀንሷል።

ምን ዓይነት ፈተና ነው የምለው? ፔንዱለምን እንውሰድ። የሚያስፈልገው ክር፣ ብሎን፣ ሜትር እና ሰከንድ የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። በአንድ ሜትር ክር የተንጠለጠለ ብሎን ደርሶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አንዷን ብቻ መለካት ስለሚያሳስት ተማሪው 20 ደርሶ መልስ ይቆጥርና ጊዜውን ለ20 ያካፍላል። ክሩን እያሳጠረ ይደጋግማል። የጊዜውን ስኩዌር ከክሩ ርዝመት ጋር ግራፍ ላይ ያስቀምጣል። ከመስመሩ ስሎፕ (ተዳፋት) ተነስቶ የምድር ስበት «ጂ»ን ያሰላል።

ቁም ነገሩ ያለው እርማቱ ላይ ነው። መጽሐፉ 9.8 የሚለውን «ጂ» 9.4 ብሎ ያገኘ ልጅ ዜሮ አይገባውም። ሠንጠረዡን በወጉ ከሞላ፣ አሃዱን ከጻፈ፣ መስመሩን በነጥቦቹ መሃል ካሳለፈ፣ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ካስረዳ ጥሩ ነጥብ ይሰጠው። እኔ የምጠረጥረው በእያንዳንዱ ክር ልክ 9.8 ያገኘውን ነው። በክርና በግድግዳ ሰዓት እንዲህ አይመጣም፤ ከመጽሐፉ ተነስቶ ወደ ኋላ ሠርቶታል። (በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ትክክለኛው ዋጋ ከ9.78 ትንሽ ዝቅ ይላል።)

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን ታደርገዋለች። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የፊዚክስ ፈተናዋ ሦስት ወረቀት አለው፤ ሦስተኛው ተግባር ሲሆን ከ40 ይታረማል። የሚዘጋጀው ዕቃ ዝርዝር በምስጢር ለትምህርት ቤቶች አስቀድሞ ይላካል። ችግር የለውም አልልም። ዝርዝሩን ያየ መምህር ጥያቄውን መገመት አያቅተውም፤ ለተማሪዎቹ ሹክ ማለትም ይችላል። የእኛ ሰው ደግሞ በዚህ አይታማም።

ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ አይቀር እዚያው ላብራቶሪ ይፈተኑ የሚል ይኖራል። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። ለጥቂት ደርዘን ተማሪ በተሠራ ክፍል በሺዎች የሚቆጠር ተፈታኝ ማሳለፍ ማብቂያ የለውም። ክሩና ብሎኑ ወደ ተማሪው ቢሄዱ ይቀላል።

ለመጀመሪያው ዓመት ዕቃም አያስፈልግም። የአሚተር ሥዕል አስቀምጡና ስንት እንደሚያነብ ጠይቁ። የተሞላ ሠንጠረዥ ስጡና የቱ ልኬት እንደተሳሳተ ተማሪው ይለይ። ይህ በምርጫም ይሠራል፤ በኮምፒውተር ለሚፈተኑትም ይመቻል። ቀጥሎ እውነተኛው ተግባር በጥቂት ትምህርት ቤቶች ይሞከር። ከከተማ ብቻ አትምረጡ፤ ላብራቶሪ የሚባል ክፍል የሌለው የገጠር ትምህርት ቤትም ይግባበት። አራሚው ግን ከሌላ ወረዳ ይምጣ። የራሱን ተማሪ የሚያርም መምህር ላይ ጫናው ብዙ ነው። ወላጅ አለ፣ ርዕሰ መምህር አለ፣ የአጎት ልጅ አለ።

ሁለት ነገር አደራ። የምትወስኑትን መስከረም ላይ፣ ክፍል ሳንገባ አሳውቁን፤ ግንቦት ላይ የመጣ ሰርኩላር ለማንም አይጠቅምም። ሌላው፣ ለማስተማሪያ ወጥቶ የተሰበረ ዕቃ ከመምህሩ ደመወዝ እንደማይቆረጥ በደብዳቤ ጻፉልን። እሱን ከያዝኩ ፈተናውንም ሳልጠብቅ ሞዴል 22 ላይ እፈርማለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር