የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ ኢንዛይሙ ልምምድ የሄደ ዕለት

የባዮሎጂ ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው ችግኝ ተክሏል፣ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅቷል። እሱን ያየ አይቶታል። እኔ የምጽፈው አባላቱን መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ሲያከራክር ስለ ከረመው ዲኤንኤ ሚታይልትራንስፌሬዝ፣ ማለትም በዲኤንኤ ላይ ኬሚካዊ ምልክት ስለሚያኖረው ኢንዛይም ነው።

ክርክሩ በንብ ተጀመረ። ንግሥቲቱም ሠራተኛዋም ከአንድ ዓይነት እንቁላል ይፈለፈላሉ፤ የሚለያዩት በእጭነታቸው በሚቀለቡት ነው። «ዲኤንኤያቸው አንድ ከሆነ ምግቡ ምን ነካባቸው?» ብላ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያዘችኝ። በአውስትራሊያ የተሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመውን ጥናት ነገርኳቸው። ተመራማሪዎቹ በእጮቹ ውስጥ የዚህን ኢንዛይም አንዱን ዓይነት ሲያዳክሙ፣ አብዛኞቹ እንደ ንግሥት እንቁላል የመጣል አቅም ያለው አካል ይዘው አደጉ።

ኢንዛይሙ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያለውን የሚታይል ቡድን ከሌላ ሞለኪውል ወስዶ ከዲኤንኤ አራት ፊደላት (ቤዞች) አንዱ በሆነው ሳይቶሲን ላይ እንደ ምልክት ያሳርፋል። ሳይቶሲኑ እንደ በፊቱ ከሌላው ቤዝ፣ ከጓኒን ጋር ይጣመራል፤ ሆኖም በሰው ህዋስ ውስጥ ምልክቱ በጂኑ መነሻ ሲበዛ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ያቆማል።

ይህን በጠመኔ ብቻ ማስረዳት አልሆነልኝም። ስለዚህ ልጆቹ በጥንድ የወረቀት ጥብጣብ ላይ የቤዞቹን ፊደላት ጽፈው፣ ሳይቶሲኖቹ ላይ ቀይ ነጥብ አኖሩ። ጥንዱ ተለያይቶ ሲገለበጥ አዲሱ ጥብጣብ ባዶ ነው፤ ዲኤንኤምቲ1 የተባለውን የኢንዛይሙን ዓይነት ሆኖ የሚጫወተው ልጅ የአሮጌውን ነጥብ እያየ በአዲሱ ላይ ትክክለኛውን ቦታ ይነጥባል። አንድ ቀን ይህ ልጅ ለእግር ኳስ ልምምድ ተጠርቶ ሄደ። ሌሎቹ መገልበጡን ቀጠሉ። ከአንድ ጥንድ ተነሥተው በሦስተኛው ዙር ስምንት ጥንድ ደረሱ፤ ነጥብ የተገኘው በሁለቱ ብቻ፣ ያውም በአንድ ጎናቸው። የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ይህ ነበር፤ እኔም አላቀድኩትም።

አዛሳይቲዲን የተባለው የደም ካንሰር መድኃኒትም ኢንዛይሙን ከሥራ ያስቀረዋል፤ ሳይቶሲን መስሎ ዲኤንኤ ውስጥ ይገባና እዚያው ጠልፎ ይይዘዋል። ልጆቹ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ለመጪው ዓመት ባክቴሪያን መርጠዋል፦ የራሱን ዲኤንኤ በሚታይል ይለያል፣ ምልክት የሌለውን የወራሪ ቫይረስ ዲኤንኤ በሌላ ኢንዛይም ይቆርጣል። መቀሱን ማን ይያዝ በሚለው ከወዲሁ ተጣልተዋል።