ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ ሥራው ጉዳይ

ቱሉ ዲምቱ፣ ጥቅምት

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ?

የማኅበርተኛዎ ልጅ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ቦታ ተከፍቷል፣ ሲቪሽን እስከ ሰኞ ላኪ አለኝ። ማን እንደለመነልኝ አልጠፋኝም፤ እግዜር ያክብርልኝ። ግን አልላክሁም፤ ሥራ የለቀቅሁት ለማረፍ ነውና እስከ ፋሲካም አልልክም። በስልክ ብነግርዎ መጨረሻው «እሺ አባባ» ስለሚሆን መጻፉን መረጥኩ።

«እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳስተምር መቼ ደከመኝ አልኩ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ብለው አያውቁም። ግን ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ነበር። አንዳንዱን ክረምት ራስዎ ኮርስ ይማሩ እንደነበር አልረሳሁም፤ ቢሆንም ጠመኔው ያርፋል፣ ጓሮ ወርደው በቆሎ ይኮተኩታሉ፣ መስከረም ላይ በሳቅ ነበር ክፍል የሚገቡት። የእኛ የሒሳብ ሥራ ተቃራኒው ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እርስዎ ያርፉበት የነበረው ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ የኦዲተር ወቅት ነው። እሱ ሳያልቅ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይደርሳል። እንዲህ እያለ ዓመት ዓመትን ወለደ።

እንቅልፍ ማጣቴን ያውቃሉ። ያልነገርኩዎ፣ በኋላ ቁጥሩ ራሱ እምቢ እንዳለኝ ነው። አንዱን ደረሰኝ ደጋግሜ አነበዋለሁ፣ አይገባኝም። ባለጉዳይ ሲገባ ፊቱን ማየት ያስጠላኝ ጀመር፤ እኔ፣ ያቺ ወሬኛ ልጅዎ! ሐኪሟ ሥራ ያመጣው መዛል ነው አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታ ባይለውም ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ብሎ መዝግቦታል። እማዬ ጸበል ሂጂ ብላኝም ሄጃለሁ። እዚያም ከቢሮ ይደወልልኝ ነበር።

ለምን ፈቃድ አልወሰድሽም ላሉኝ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ለከባድ ጉዳይ ያለ ደመወዝ የሚፈቅደው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ነው። የሕመም ፈቃዱ እስከ 6 ወር ይሄዳል፤ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ግን ለመጀመሪያው ወር ብቻ ነው። ያንን ወር ተኝቼበት ስመለስ የወረቀቱ ክምር ጠበቀኝ። ስለዚህ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ለቀቅሁ። ጡረታዬ አያስጨንቅዎ፤ ከእኔ 7፣ ከአሠሪዬ 11 በመቶ ሲገባበት የኖረው አገልግሎት ሥራ ስጀምር ይያያዛል።

ወደዚህ ዳር የወጣሁትም ኪራይ ለመቀነስ ነው። ውሃው በፈረቃ ነው፣ ታክሲው ያስመርራል፤ ያጠራቀምኩት ግን እስከ ግንቦት ያደርሰኛል። የብሎካችን ዘበኛ ጠዋት ጠዋት ቤት ሲያየኝ የተባረርኩ መስሎት «አይዞሽ ልጄ» ይለኛል። ምን እየሠራሽ ነው ካሉኝ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ ብቻ ነበር። አሁን ማለዳ ኮንዶሚኒየሙ ወደሚያልቅበት፣ ጤፍ ወደሚታይበት በእግሬ እሄዳለሁ። ከሰዓት አነባለሁ፤ የያዝኩት ገጽ ይገባኝ ጀምሯል።

ለልጁ እኔው ደውዬ አመሰግነዋለሁ፤ እርስዎ ለአባቱ ይንገሩልኝ። «ታማ ነው» አይበሉ፣ «ፈቃድ ላይ ናት»ም አይበሉ፤ ለቃለች፣ እያረፈች ነው ይበሏቸው።

የአዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያው እዚሁ አጠገቤ ስለሆነ ለኅዳር ጽዮን እመጣለሁ። እንደ ድሮው አድሬ አልመለስም፣ ሳምንቱን እቀመጣለሁ። ለእማዬ የምትፈልገውን ቅመም ትዘዘኝ በሏት።

ልጅዎ